የናዲፋ እንቁላሎች እና አራተኛው ቀን

እስቲ ይህን እንቁላል እዩት። በሁለት ጣት ያዙና ከአምፖሉ ፊት አቁሙት። ቅርፊቱ መጀመሪያ እንደ ንጋት ሰማይ ይቀላል። ዓይናችሁ ሲለምድ ውስጡ ቀስ ብሎ ይገለጣል። አንዲት ቀይ ነጥብ አለች፤ ከእሷ ዙሪያ ደግሞ እንደ ሸረሪት እግር የተዘረጉ ቀጫጭን የደም ሥሮች። ነጥቧ ትዘላለች። ዓይናችሁ አልተሳሳተም፣ እውነትም ትዘላለች። መፈልፈያ ማሽን ውስጥ ከገባ ገና አራተኛ ቀኑ ነው። ምንቃር የለውም፣ ላባ የለውም፣ ድምፅ የለውም። ልብ ግን አለው፤ ለማን እንደሚመታ ሳያውቅ መምታት የጀመረ ልብ።

አሁን ደግሞ ይኼኛውን እዩት። ቅርፊቱ ያው ነው፤ ሙቀቱም፣ ቀኑም ያው። ውስጡ ግን ብርሃን ብቻ ነው፤ ሰው እንደለቀቀው ቤት ባዶ። ብዙ ሰው ይህን ሲያይ «የማይረባ ነው» ብሎ ይወረውረዋል። እኔን የሚያናድደኝ ይኼ ነው። ወርውሮ ወደ ሥራው ይሄዳል፤ ምን ሆኖ ነው ብሎ አይጠይቅም።

የጠየቀችው ሴት የምሥራች ትባላለች። ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ፣ ዛፎቹ መንገዱን ከላይ ተቃቅፈው በሸፈኑበት በኩል፣ ከድሮዎቹ የባቡር ሠራተኞች ቤቶች በአንዱ ትኖራለች። ስልሳ ሊሞላት ሁለት ዓመት ቀርቷታል። አባቷ ጣቢያው ላይ ለባቡር ቀይና አረንጓዴ ፋኖስ የሚያሳዩ ሰው ነበሩ። እሷ ራሷ ሃያ አንድ ዓመት ፋብሪካ ውስጥ የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ኖረች። ከፋብሪካው ስትወጣ የተበላሸ ፍሪጅ ገዛች፤ ሰፈሩ ሳቀባት። «የምሥራች የማይቀዘቅዝ ፍሪጅ ገዛች!» ተባለ። እሷ ግን መቼ ብርድ ፈለገች? ሞተሩን አውጥታ ጣለች። አራት አምፖል፣ አንዲት ትንሽ ማራገቢያ፣ ሁለት ሳህን ውሃና አንድ ቴርሞሜትር አስገባችና እንቁላል መፈልፈያ አደረገችው። ማንም አላስተማራትም። ስለ ዶሮ እርባታ አዳራሽ ውስጥ ስልጠና የወሰዱት ሰዎች የት እንደገቡ እኔም አላውቅም፤ የታደላቸውን ኮፍያና ቦርሳ ይዘው ጠፍተዋል። ያለ ኮፍያ የቀረችው የምሥራች ናት ከዚራን በጫጩት ድምፅ የሞላችው።

ሌላም ነገር አለ፤ ልዝለለው ብዬ ነበር፣ አልዘልለውም። በወጣትነቷ ሐረር ተድራ ስድስት ዓመት ቆይታለች። ልጅ አልመጣም። አንድ ቀን አማትየዋ ጎረቤት ተሰብስቦ ባለበት «መካን ነች» አሉ፤ በቃ፣ ተፈረደ። ባልየውን ሄደህ ተመርመር ያለው የለም። ይቺን ልጅ ምን ነካት፣ ምን ጎደላት ያለም የለም። አንድ ሻንጣ ይዛ ወደ ድሬዳዋ ተመለሰች። ስለዚያ ቤት ስትናገር የሰማ ሰው የለም።

እንቁላሉን የምታመጣላት ናዲፋ ናት። ናዲፋ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው ገጠር፣ ቢዮ አዋሌ የምትኖር ሱማሌ ናት፤ ባሏ የሞተ፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሳቋ ከሩቅ የሚሰማ። ሠላሳ አንድ ዶሮና ሁለት አውራ ዶሮ አላት። ሁሉም የተፈለፈሉት የምሥራች ፍሪጅ ውስጥ ነው፤ ወይ እነሱ፣ ወይ እናቶቻቸው። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ናዲፋ በገለባ የተሞላ ካርቶን ጭኗ ላይ አድርጋ በሚኒባስ ትመጣለች፤ ከሃያ አንድ ቀን በኋላ ደግሞ ጫጩት በካርቶን ይዛ ትመለሳለች። ለቢዮ አዋሌ ሴቶች የምታከፋፍለው እሷ ናት። አንዷ በአማርኛዋ መሐል ሱማሊኛ ትጨምራለች፣ ሌላዋም በሱማሊኛዋ መሐል አማርኛ ትጨምራለች፤ የማን ቋንቋ የማን እንደሆነ ከረሱት ቆይተዋል።

ዘንድሮ ከየካቲት ጀምሮ ነገሩ ተበላሸ። መጀመሪያ ከአርባ እንቁላል ሃያ ወጣ። ቀጥሎ አሥራ አንድ። ግንቦት ሲገባ፣ አየሩ እንደ ዳቦ መጋገሪያ አፍ በሆነበት ሰሞን፣ አንድ ረቡዕ ጠዋት የምሥራች አራተኛ ቀን የሞላቸውን እንቁላሎች አንድ በአንድ ከመብራቱ ፊት አቆመች። ናዲፋ በሩ ላይ ቆማ ታያለች።

«አባዮ፣ ስንት ናቸው?» አለች፤ በሱማሊኛ «እህቴ» ማለቷ ነው።

«ቁጭ በይ መጀመሪያ።»

«ቁጭ በይ የሚባለው ሰው ሲሞት ነው። ስንት?»

«ከአርባው ሦስት።»

«ሦስት?» ናዲፋ ሦስት ጣቷን አውጥታ ራሷ አየቻቸው። «ፍሪጅሽ ታሟል። ወላሂ ታሟል! ሽማግሌ ነው፣ ጡረታ አውጪው።»

«ፍሪጄ ምንም አልሆነም! ይኸው የሮብሌ እንቁላል፣ እዚሁ መደርደሪያ ላይ፣ ካንቺ እንቁላል አጠገብ። አሥሩ ገባ፣ ዘጠኙ ልቡ ይመታል።»

ሮብሌ ጎረቤቷ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። አምስት ዶሮዎቹ ቀኑን ሙሉ ከቧንቧው ሥር ያለውን ሣር ሲጭሩ ይውላሉ።

«ታዲያ እኔ ምን አጠፋሁ?» አለች ናዲፋ። «በጥላ አኖርኳቸው። ጥሬ አበላሁ። እንቁላሉን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ በመጀመሪያው መኪና አመጣሁ። እንዳልሽኝ አይደለም ያደረግሁት?»

የምሥራች ደክሟታል፤ ሌሊቱን መብራት ሁለቴ ጠፍቶ እንቁላሉን በብርድ ልብስ ስትሸፍን ነው ያደረችው። የደከመ ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት የቅርቡ ቃል ነው።

«ዶሮዎችሽ መካን ሆነዋል» አለች። «በቃ። መካን ናቸው።»

ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷን አስደነገጣት፤ ግን ወጥቷል። ናዲፋ ሻርፗን አስተካከለች።

«ሃዬ፣ እሺ። መካን። ቅዳሜ የወንድሜ ልጅ ሠርግ ነው። ከከተማ የሚመጡት እንግዶች የፍየል ሥጋ ሰለቸን ይላሉ። መካን ዶሮ ለድስት ይሆናል። ሠላሳ አንዱንም አሳርዳለሁ። ከዚያ ፍየል አረባለሁ። ፍየል እንቁላል አይጥል፣ አንቺም አትሰድቢው።»

«ናዲፋዬ፣ ተይ እንጂ…»

«አይ፣ አልቋል» ብላ ባዶ ካርቶኗን ይዛ ወጣች።

እንግዲህ ነገሩ ይኼ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዶሮዎቹ ካለቁ አሥራ ሁለት ዓመት አብሮ ያልቃል። ፍሪጁም ቁምሳጥን ይሆናል። ናዲፋም በዚያ በር አትመጣም።

ቀን ስድስት ሰዓት ሲሆን ድሬዳዋ እንደምታውቋት ነው። ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ዛፍ ሥር ይቆማል፣ ውሻው እንኳን የሚጮህበትን ምክንያት ይረሳል። ከተማው በሙሉ ዓይኑን ይጨፍናል። የምሥራችም ሲሚንቶው ላይ ሰሌን አንጥፋ ጋደም አለች። ወለሉ ቀዝቃዛ፣ ጣሪያው ሩቅ ነው። ማራገቢያዋ «ሽው፣ ሽው» ትላለች። እንቅልፍ ወሰዳት፤ አንዳንዴ በዚህ ከተማ የቀን እንቅልፍ ሰውን የት እንደሚወስደው አይታወቅም።

እንቁላል ውስጥ ሆና አየች። ግድግዳው በውጭ ብርሃን ቀይ ሆኗል፤ መሬቱ ቢጫ ነው፣ እንደ ፍራሽ ይለሰልሳል። ከሁሉም አቅጣጫ ሐዲድ እየተነጠፈ ይመጣል፤ ከምሥራቅ፣ ከምዕራብ፣ ከበረሃው፣ ከተራራው። የሚያነጥፍ ሰው ግን አይታይም። ሐዲዱ በራሱ ይበቅላል፣ እንደ ሥር፣ እንደ ሐረግ። መሐል ላይ አንድ ጣቢያ አለ። ጣቢያው ውስጥ ሰዓት ይመታል። ባቡሮቹ መጡ፤ ዙሪያውን ቆሙ፤ ጮኹ። ጣቢያው በር የለውም። እሷ ግድግዳውን በእጇ እየዳበሰች ዞረችው፤ ለስላሳ ነው፣ ይሞቃል፣ በር ግን የለውም። ውስጥ ያለው ሰዓት መምታቱን አላቆመም። ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ…

ላብ አጥምቋት ነቃች።

ተነሥታ ሳታስበው ከናዲፋ «ባዶ» እንቁላሎች አንዱን አንሥታ የሻይ ሳህን ላይ ሰበረችው። እስካሁን ባዶውን እንቁላል ሰብራ አይታ አታውቅም፤ ሁሌ ሳይሰበር ነበር የምትጥለው። ሳህኑን ወደ መስኮቱ አስጠጋችው። አስኳሉ ገርጥቷል፤ እንደ ቅቤ እንኳን አይደለም፣ እንደ አሮጌ ወረቀት ነው። ለማነጻጸር ከሮብሌ እንቁላል አንዱን፣ ማሽን ያልገባውን፣ ሰበረች። ብርቱካን! ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዱ ፀሐይ፣ ሌላው ቀን የወጣች ጨረቃ መሰሉ።

ከዚያ ዝቅ ብላ አየች። የናዲፋው አስኳል ላይ አንዲት ነገር አለች፤ ከሩዝ ፍሬ የምታንስ፣ ነጭ፣ ጎበጥ ያለች። ራስ የሚመስል ጫፍ አላት። ዙሪያዋ ላይ አንድም ቀይ መስመር የለም። ግን አለች፤ ተጀምራ ነበር።

የምሥራች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። «መካን አይደለም» አለች ለባዶው ቤት። «ጀምሮ ነበር። አውራ ዶሮውም ሥራውን ሠርቷል፣ እናቲቱም ሠርታለች። እኔ ነኝ የተሳደብኩት።»

ሐሙስ ጠዋት ሳህኑን በክዳን ሸፍና የእንስሳት እርባታ ባለሙያዋ ዘንድ ሄደች። እፀገነት ትባላለች፤ ከደሴ የመጣች ወጣት ናት፣ የድሬን ሙቀትም የድሬን አፍም ገና አልለመደችም።

«እትዬ የምሥራች፣ እንደምን አደሩ? ይቀመጡ።»

«ማነው ‹አደሩ›? ከኋላዬ ሌላ ሰው አለ እንዴ?» ዘወር ብላ አየች። «አንቺ በይኝ፣ ልጄ። ድሬ ውስጥ አንቱ የሚባለው ሊቀብሩት ያሰቡት ሰው ነው።»

«እሺ… እትዬ… አንቺ። ምን ልርዳሽ?»

«ይህን እዪልኝ። መካን ነው ወይስ አይደለም?»

እፀገነት ክዳኑን ከፍታ ለረጅም ጊዜ አጎንብሳ ቀረች።

«መካንስ አይደለም። ፅንሱ ተጀምሯል። ግን ደም ሥር የለውም፤ ቢያንስ ወደ ልቡ የገባ የለም። ስንተኛ ቀኑ ነው?»

«አራተኛ ቀን ላይ ነው ሁሉም የሚቀሩት።»

«ዶሮዎቹ ምን ይበላሉ?»

«ነጭ ማሽላ። ፉርሽካ።»

«ቅጠል? ሣር? ቢጫ በቆሎ?»

«ዝግ ናቸው፤ ቤት ውስጥ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

«ማን ነው ዝጊያቸው ያላት?»

የምሥራች ሳህኑን ከደነችው።

እፀገነት የነገረቻትን ነገር እኔ እንደገባኝ ልንገራችሁ፤ በትዕግሥት ስሙ፣ ትዕግሥት የሌለኝ እኔ እንኳን ሰምቼዋለሁ። ዶሮ ቅጠል ስትበላ ከቅጠሉ ውስጥ ያለውን ነገር ወደ ቫይታሚን ኤ ትለውጠዋለች። የተረፋትን ጉበቷ ውስጥ ታስቀምጣለች። እንቁላል በጣለች ቁጥር ከዚያ ቆንጥራ አስኳሉ ላይ ታደርጋለች፣ ለማታየው ልጇ ስንቅ። ቆንጥራ ነው ያልኩት፤ ከልክ ካለፈ ደግሞ ያው ስንቅ ፅንሱን ያበላሸዋል። ቅጠል ስታጣ ወዲያው አታቆምም። ለወራት ከጉበቷ እያወጣች ትሰጣለች፤ እሷ ደህና ትመስላለች፣ ትበላለች፣ ትጥላለች። አንድ ቀን ግን ጎተራው ያልቃል። ከመስከረም እስከ የካቲት ማንም ምንም ያላየው ለዚህ ነው።

ፅንሱ ውስጥ ደግሞ የሚሆነው ይኼ ነው። ልቡ መጀመሪያ ቀጭን ቱቦ ነው። ደም ሥሮቹ ከእሱ አይደለም የሚወጡት፤ አስኳሉ ላይ ለብቻቸው ይበቅላሉ፣ ከዚያ ወደ ልቡ ይመጣሉ። መገናኘት አለባቸው። ልቡ በኋላው በኩል በር መክፈት አለበት፤ «ኋላህ ይኼ ነው፣ እዚህ ጋ ተከፈት» ብሎ የሚነግረው ያ ከእናቱ የተሰጠው ቁንጥር ስንቅ ነው። እሱ ከሌለ ልቡ ኋላውን አያውቅም። ተዘግቶ ይቀራል። አንዳንዴ መታጠፍ ወደሚገባው ጎን እንኳን አይታጠፍም፤ ግራና ቀኙ ይምታታበታል። ግን ይመታል! ማንም ሳይገባበት፣ ምንም ሳያፈስ፣ ዝግ ሆኖ ይመታል። አራተኛው ቀን ላይ ይደክመዋል።

እኛ ይህን «ሙቀት ነው» እንላለን።

ሙቀት! በዚህ ከተማ ሙቀት ያልተከሰሰበት ነገር ካለ ንገሩኝ። ዳቦው ሻገተ፣ ሙቀት ነው። ባለሥልጣኑ ከቢሮው ጠፋ፣ ሙቀት ነው። ልጁ ፈተና ወደቀ፣ ሙቀት። ሙቀት አይናገርም፣ አይከራከርም፣ ጠበቃ የለውም፤ ስለዚህ ሁሉን እሱ ላይ ጭነን እንተኛለን። ባለፈው መስከረም የምሥራችም እንደዚያው አደረገች። አንድ ዙር ላይ አምስት እንቁላል ተበላሸባትና ናዲፋን «ዶሮዎችሽ ፀሐይ ላይ እየዋሉ እንቁላሉ ሆዳቸው ውስጥ እየበሰለ ነው፤ ቤት ዝጊያቸው» አለቻት። ናዲፋ አመነች። ከአሥራ ሁለት ዓመት ወዳጅ የመጣ ምክር ነው፣ ለምን አታምን? ጎረቤት አትክልት ቦታ ውስጥ ሲጭሩ ይውሉ የነበሩትን ዶሮዎች ጥላ ውስጥ አስገብታ ቆለፈች። በፍቅር ነው የቆለፈችባቸው።

አሁን ሐሙስ ነው፤ ገና ሁለት ቀን አለ። የምሥራች ስልክ ደወለች።

«ሃሎ?» አለች ናዲፋ። ከጀርባዋ የሠርግ ሴቶች ይስቃሉ፣ አንዷ ትዘፍናለች።

የምሥራች አፏን ከፈተች። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት» የሚለው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፤ ሕፃን ይለዋል። እሷ ያለችው ግን «እንደምን ዋልሽ?» ነበር።

«ደህና ነኝ። ሥራ ላይ ነኝ።»

«እሺ። በርቺ።»

ዘጋችው። ይህን ስጽፍ ተናድጃለሁ። ግን ማን ላይ ልናደድ? ስንት ጊዜ እኛስ «እንደምን ዋልክ» ብለን ዘግተናል? ዓርብ እለት ሙሉ ቀን ሰሌኑ ላይ ጋደም ብላ ጣሪያ ስታይ ዋለች። ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር ያ በር የሌለው ጣቢያ ይመጣል፤ አሁን ግን ውስጥ ያለችው እሷ ናት፣ ውጭ ቆመው የሚጣሩት ደግሞ ሌሎች። ማታ ላይ ደግማ ደወለች። የናዲፋ ስልክ ተዘግቷል።

ቅዳሜ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት የመጀመሪያው ሚኒባስ ላይ ወጣች። ሾፌሩ ዐብዲሻኩር ወደ ናዲፋ ስትመላለስ ያውቃታል።

«እማማ የምሥራች! ሠርግ ነው? እንቁላሉን ለማን ትተሽ?»

«ንዳ አንተ።»

«እሺ እሺ። ሙሽራዋ አንቺ ነሽ እንዴ የምትቸኩዪው?»

መኪናው ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። መንገዱ ላይ ተራሮቹ ከጭጋግ ውስጥ አንድ በአንድ ይወጣሉ፤ አቧራው በጠዋት ብርሃን ወርቃማ ዱቄት ይመስላል። ግመሎች መንገድ ዳር ቆመው ሕልም ላይ እንዳለ ሰው ወደ ምንም ያያሉ። መኪናው እየሄደ ነው ወይስ ተራራው ወደ እሷ እየመጣ ነው? አልለየላትም።

ናዲፋ ግቢ ስትደርስ ላባ በነፋስ ይበራል። አሥራ ሁለት ዶሮ ታርዷል። ናዲፋ እጅጌዋን ጠቅልላ፣ ቢላዋ ይዛ የፈላ ውሃ ላይ ቆማለች።

«አቁሚ!» አለች የምሥራች ከበሩ። «ናዲፋ፣ አቁሚ! እኔ ነኝ!»

«አንቺ እንደሆንሽ አያለሁ፤ ዓይን አለኝ።»

«አይ፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ። መካን አይደሉም። ዝጊያቸው ያልኩሽ እኔ ነኝ። ቅጠል አጥተው ነው፤ የጫጩቱ ልብ በር ሳይከፍት ይቀራል። ሐሙስ አውቄው ነበር። ደውዬ ሳልነግርሽ ቀረሁ። አፈርኩ።»

አንዲት አሮጊት «ምን ትላለች?» ብላ በሱማሊኛ ጠየቀች፤ ማንም አልተረጎመላትም። ናዲፋ የታረዱትን አየች፣ ከዚያ በእግራቸው ታስረው ጥግ ላይ የተኙትን አሥራ ዘጠኙን አየች።

«ሐሙስ አውቀሽ ነበር?»

«አዎ።»

«አሥራ ሁለት ዶሮ ነው፣ አባዮ። አንዷ ስም ነበራት።»

«አውቃለሁ።»

«አታውቂም! ብታውቂ ሐሙስ ትመጪ ነበር።» ቢላዋውን ድንጋዩ ላይ ወረወረችው። ከዚያ በእጇ ጀርባ አፍንጫዋን ጠረገችና «ነይ፣ ፍቺ» አለች። «ያሰርኩት ጠብቆ ነው። ጥፍርሽ ረጅም ነው፣ አንቺ ፍቺ።»

ሁለቱ አጎንብሰው አሥራ ዘጠኙንም ፈቱ። ከዚያ ናዲፋ የቆለፈችውን በር ከፈተች። ዶሮዎቹ ብርሃኑ ላይ ቆመው ግራ ገባቸው፤ ውጭ የሚባል ነገር ረስተው ነበር።

ተረት ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃ ነበር። ግን ግንቦት ነው፤ ውጭ ያለው አቧራ ነው። የጎረቤቱ አትክልት ቦታ ደርቋል። ለምለም የሆነውን ሁሉ ፍየል ቀድሞ ይበላዋል። ከጫት የተረፈው ገራባ እንኳን መሬት ሳይነካ ፍየል አፍ ውስጥ ነው። ዶሮ ተፈታች ማለት ቅጠል አገኘች ማለት አይደለም። እፀገነት ውሃ ውስጥ የሚጨመር ቫይታሚን ሰጠቻቸውና «በልኩ! ብዙ ይሻላል ብላችሁ እንዳትጨምሩ» ብላ ጣቷን ቀሰረች። እሱ መነሻ ይሆናል እንጂ ዓመቱን ሙሉ አይገፋም። ሙቀት ላይ ከቆየ ኃይሉ ይጠፋል፤ እዚህ ላይ ሙቀትን ብትከሱት እፈቅድላችኋለሁ።

ስለዚህ የምሥራች በየማለዳው የከዚራን አትክልት ሻጮች መዞር ጀመረች። የካሮት ቅጠል፣ የቆስጣ ግንጣይ፣ የጎመን ውጪኛው ቅጠል፣ ሻጮቹ ቆርጠው የሚጥሉትን ሁሉ። በእርጥብ ጆንያ አድርጋ ለዐብዲሻኩር ትሰጠዋለች።

«እማማ፣ ሚኒባሱ እኮ ሰላጣ ቤት ሆነ! ተሳፋሪው ሎሚ አለህ ወይ እያለኝ ነው።»

«ሎሚውንም አመጣልሃለሁ፣ አንተ ብቻ አድርስልኝ።»

ስድስት ሳምንት እንደዚህ ሄደ። ከዚያ ናዲፋ ካርቶኗን ጭኗ ላይ አድርጋ መጣች፤ ሃያ እንቁላል ነው፣ የዶሮዎቹ ቁጥር ቀንሷልና። አራተኛው ቀን ጠዋት የምሥራች መብራቱን አበራች። አንደኛው ባዶ ነበር። ሁለተኛውም። ናዲፋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሦስተኛው ላይ የምሥራች እጇን ይዛ ጎተተቻት።

«እዪ።»

«አላይም።»

«እዪ እንጂ፣ አንቺ ሴትዮ!»

አየች። ቀይዋ ነጥብ ትዘላለች፤ ከዙሪያው ቀጫጭን መንገዶች ሁሉ ወደ እሷ ገብተዋል። ናዲፋ ትንፋሽዋ እንቁላሉን እንዳይነካው በሻርፗ አፏን ሸፈነች። ከሃያው የአሥራ አራቱ ደም ሥር ልባቸው ውስጥ ገብቷል። የስድስቱ አልገባም። አሥራ ሁለቱ የታረዱትም አልተመለሱም፤ ናዲፋ እስከ ዛሬ በወር አንዴ ታነሣባታለች፣ የምሥራችም አንገቷን ደፍታ ትሰማለች። ትስማ። ይገባታል።

አሁን ያለው ችግር ሌላ ነው። ወሬው ቢዮ አዋሌ ተሰምቶ ሦስት ሴቶች ተጨምረዋል፤ የእነሱም ዶሮዎች ነጭ ማሽላ ብቻ በልተው የከረሙ ናቸው። አንድ ጆንያ ለአራት ግቢ አይበቃም። የምሥራች ጉልበቷ ያማታል፣ ከከዚራ አልፋ ሌሎቹን ገበያዎች መዞር አትችልም። እናንተ ግን ትችላላችሁ። ስለዚህ ዛሬ ካሮት ስትገዙ ሻጯ ቅጠሉን ቆርጣ ልትጥል ስትል እጇን ያዙልኝ። ቅጠሉን እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሉና ነገ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት በፊት ለቢዮ አዋሌ ሚኒባስ ሾፌር ስጡት፤ «የናዲፋ ነው» በሉት፣ ያውቃል። አትርሱ፣ አደራ።